«ሲሄድ እንተነፍሳለን»

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ 14 ዓመት ወታደር ነበር። ከተሰናበተ በኋላ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃዱን አሳድጎ ይኸው ስምንት ወሩ፣ በሰው ሲኖትራክ ከጅቡቲ ባሕር ዳር ማዳበሪያ ያመላልሳል። ሲመለስ ቤቱ ጦር ሰፈር ይሆናል። በሌሊት ተነሥቶ የበሩን መቀርቀሪያ ደጋግሞ ይፈትሻል፣ የ13 ዓመት ልጃችንን ጫማህን ለምን አልደረደርክም ብሎ ይጮኽበታል፣ በእንቅልፉ ይቃዣል። አንድ ሌሊት ልቀሰቅሰው ስነካው እጄን ጠመዘዘኝ፤ ሲነቃ ግን አለቀሰ። ጫትም ጀምሯል። መንገድ ላይ ስደውልለት ስልኩን ያጠፋብኛል። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ሥራውን ተው ልበለው ወይስ ልፍታው? እውነቱን ለመናገር ሲሄድ እኔም ልጆቹም እንተነፍሳለን።

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራውን ተው አትበይው፤ ቢያንስ አሁን አትበይው። ከወታደር ቤት ለወጣ ሰው ከባድ መኪና የሚመች ሥራ ነው። ጭነቱ ይታወቃል፣ መድረሻው ይታወቃል፣ ንቁ ሆኖ መዋል ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። ጣጣው የሚመጣው ሞተሩ ሲጠፋ ነው። 14 ዓመት ኮሽ ሲል እንዲነሣ የተገራ አካል የስንብት ወረቀት ስለያዘ ብቻ አይሰናበትም። ቤት ሲገባ የሚጠብቀው የልጆች ጫጫታና ያልተቆለፈ በር ነው፤ እሱም በሚያውቀው መንገድ ሥርዓት ሊያስይዘው ይሞክራል። የጫማው ጉዳይ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ይህን ያልኩት እንዲገባሽ ነው፣ ልጁን ማስፈራራቱን ላጸድቅለት አይደለም።

ቅዠቱና መቀርቀሪያ መፈተሹ ከወር በላይ ከቆየና ኑሮን ካወከ ምርመራ ያስፈልገዋል። የድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በደብዳቤ ግን ማንም አይመረምርም። በዚያ ላይ የእንቅልፍ ዕዳው ተደርቧል። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ በሙቀት ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ያድራል፤ ከዚያ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በወልድያና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ለ17 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያልነካው ሰው አነዳዱ መጠጥ እንደቀመሰ ሰው ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ለ3 ሰከንድ ብቻ ካንቀላፋ መኪናው 50 ሜትር ያለ ሹፌር ሄዷል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው፤ በዚያ ሰዓት መንዳት የለበትም። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሲደክመው ዳር ይዞ 20 ደቂቃ ያሸልብ፤ ከዚያ ካለፈ ሲነሣ ስለሚደነዝዘው፣ መሪ ከመያዙ በፊት ወርዶ ጎማዎቹን እየዞረ ይመልከት።

ጫቱ እንቅልፉን አያስቀረውም፣ ለሌላ ሰዓት ያስተላልፍበታል እንጂ። ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ከነወለዱ ይመጣል፤ ቅዠትና ቁጡነትም ያብሳል። ሆኖም በድንገት አቁም ብለሽ መንገድ አትስደጂው። የሚያቆም ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ እንቅልፍና ድብርት ይጫነዋል፤ ይህ መሪ ላይ ሆኖ አደገኛ ነው። ቅነሳው ቤት ባለባቸው ቀናት ይጀመር፦ መጠኑን በግማሽ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጨርሶ ባይነካ። ማታ ምርቃናውን በአረቄ ለመስበር የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። አረቄው ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠውና ቅዠቱን ያበዛዋል።

ሲቃዥ ደግሞ በፍጹም አትንኪው። እጅሽን የጠመዘዘው አንቺን አውቆ አይደለም፤ በእንቅልፉ የነካውን ነው የያዘው። ከአልጋው ወርደሽ፣ እጁ ከማይደርስበት በግርጌ በኩል ቁመሽ፣ መብራት አብሪና ስሙን ጥሪ። ድምፅሽ የማይጮኽ የዘወትር ድምፅ ይሁን፦ «ቤትህ ነህ፤ ባሕር ዳር ነህ፤ እኔ ነኝ» በይው። ዓይኑ አንቺን እስኪለይ ጠብቂ፤ ከዚያ ውኃ ስጪው፣ ምን አየህ ብለሽ ግን አትጠይቂው። ልጆቹም አባታቸውን ከበር ሆነው ተጣርተው እንጂ ወዝውዘው እንዳይቀሰቅሱት ንገሪያቸው። ነቅቶ ሳለ እጁን ካነሣብሽ ወይም ልጁን ከመታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ትዕግሥት አልመክርሽም፤ ልጆቹን ይዘሽ ቤተሰብ ዘንድ ግቢ፣ ሽማግሌውም ሕጉም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ዛሬውኑ ለታመነ ዘመድ ይሰጥ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ካፉ ከወጣ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ስለ ሌላ ሴት ከደብዳቤሽ ተነሥቼ አለ ወይም የለም ልልሽ አልችልም። ስልክ መጥፋቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ መንገዱ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ጠመዝማዛ ላይ የሚጮኽ ስልክም ሰውን ያስጨንቃል። ይልቅ ፊቱን የሚያዞረው ካንቺ ብቻ ነው ወይስ ከልጆቹም፣ ከጓደኞቹም፣ ይወድ ከነበረው ነገር ሁሉ? ከሁሉም ከሆነ ስሜቱ የደነዘዘ ሰው ምልክት ነው፤ ይህም ከሕመሙ ጋር ይሄዳል። ለጊዜው ደዋዩ እሱ ይሁን፦ ጠዋት ሳይነሣ፣ ምሳ ላይ፣ ማታ መኪናውን ሲያቆም። አስቸኳይ ነገር ቢመጣ በረዳቱ ስልክ ላይ መልእክት ትልኪያለሽ።

ጠቡ የሚነሣው በአብዛኛው በገባበት ዕለት ስለሆነ ያን ቀን አቅልዪው። ይታጠብ፣ ይብላ፣ ይተኛ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የልጁ ጥፋት፣ የባለንብረቱ ሒሳብ፣ እንኳን ገባህ ሊሉ የሚመጡ ጎረቤቶች ሁሉ ለማግሥቱ ይደሩ። በማግሥቱ ቡና ተፈልቶ ሁለታችሁ ብቻ ተነጋገሩ። እሱ በሌለበት ቤቱን የምትመሪው አንቺ ስለሆንሽ መጥቶ ሁሉን ቢቀይር ትበሳጫለሽ፤ ምንም የሚሠራው ከሌለው ደግሞ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ የራሱ የሆነ አንድ ሥራ ይኑረው፦ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ወይም የተበላሸ ቧንቧ መጠገን። ጫማው ግን ከልጁ ጋር ይተው። እሑድ ከሰዓት የጣና ዳር ሰው ስለሚበዛበት አትውሰጂው፤ በሥራ ቀን ማለዳ ሂዱ፣ በሩን የሚያይበት፣ ጀርባው ግድግዳ የያዘ ቦታ ይቀመጥ።

መንገድ ላይ የሚያስደነግጠው ምን እንደሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ይወቅ። ዋናው ብዙ ጊዜ የጎማ ፍንዳታ ነው፤ ድምፁ ተኩስ ነው የሚመስለው። አካሉ ፍሬን ርገጥ፣ ውረድ፣ ተኛ ይለዋል፤ ከነተሳቢው ፍሬን ከረገጠ ደግሞ መኪናው ሊታጠፍበት ይችላል። አስቀድሞ በቃሉ ይያዘው፦ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ፣ ነዳጁን ቀስ እያለ ለቆ፣ ራሱ እንዲቀንስ አድርጎ ዳር ይያዝ። የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ጎማው እንዳይንከባለል ታኮ ያስደርግ። ጎማ ለመቀየር ግን አይቸኩል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ክሪክ የሚያነሣ ሰው ይጎዳል። አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፣ እስከ 4 እየቆጠረ ያስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣ፤ በዙሪያው የሚያያቸውን አምስት ነገሮች ጮክ ብሎ ይጥራ። ረዳቱ ይህን ቢያውቅ አይስቅበትም። ረዳት የማይበረክትለት ከሆነ በውትድርና አብሮት ያገለገለ ሰው ቢይዝ ጥሩ ነው።

ለሕክምናው በከተማችሁ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ቀጠሮው ከጉዞ በገባ በሁለተኛው ቀን ይሁን፤ በመጀመሪያው ካደረጋችሁት አይሄድም። ሐኪሙን ገና ሲያየው «ከባድ መኪና ነው የምነዳው» ይበል፤ እንደ ዳያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን ያሉት ኪኒኖች ያስተኛሉ። የሚስማማው መድኃኒት ለመሥራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ በመሐል በራሱ አያቋርጠው፣ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅም መሪ አይያዝ። ጸበል የሚሄድ ከሆነ ይሂድ፣ ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ።

እንዴት ልንገረው ካልሽ፣ «ታመሃል» አትበይው፤ ወታደር ይህን ቃል አይወደውም። «እንቅልፍህ ካልተስተካከለ መንገዱ ያሳስበኛል» በይው፤ እውነትም ነው። እንቢ ካለ አንቺ ብቻሽን ሄደሽ ከባለሙያ ጋር ተነጋገሪ፤ እሱም ውሎ አድሮ ሊከተልሽ ይችላል። ስለ ፍቺ የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ እጅ እስካልተነሣ ድረስ ሕክምናውን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ስጪው፤ ቀኑን ግን ካሁኑ ጻፊው።