ጥለቱ ቀጥ ያለ ነበር

ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። የሕክምና ተማሪ ናት። ሲኒዋን እንደያዘች «ጋሼ፣ ዓይን ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሞተው የትኛው ሴል ነው?» አለችኝ። ለፈተና መስሎኝ ነበር። ለካ የጠየቀችው ለአያቷ ነው። ዳዊት ሲደግሙ ከመሃል ፊደል ይጠፋባቸዋል።

መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ሸማኔ ትዝ አሉኝ።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። የዓይን ሐኪም ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ጠዋት ጠዋት ስልሳ ሰው በር ላይ ይሰለፋል። ሞራ፣ ትራኮማ፣ ግላኮማ፣ እንደገና ሞራ። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1998 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንኳ ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ መሆኑን ነው ያሳየው። ዓይናችን ሞራ ፍለጋ ለምዶ ነበር።

ሰውየው የመጡት ከሽሮ ሜዳ ነው። «ምን ሆኑ አባባ?» ስላቸው አልመለሱም። ከፌስታል ነጠላ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ፣ የሰው ሁሉ ካርድ ላይ ዘረጉት። ጥለቱን በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ፤ አንድ ቦታ ቆሙ። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ይጎብጣል።»

አየሁት። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«ቀጥ ያለ ነው እኮ አባባ» አልኳቸው። ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ነጠላውን ቀስ ብለው አጠፉት።

ሰሌዳ አስነበብኳቸው፤ ለዕድሜያቸው ደህና ነው። መነጽር ጻፍኩላቸው። ብሌን የሚከፍተውን ጠብታ ግን አላደረግኩላቸውም። ጠብታው እስኪሠራ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፣ በር ላይ ደግሞ ሰልፍ አለ።

ብሌናቸውን ከፍቼ ባይ ኖሮ ምን አገኝ ነበር? ከዓይን በስተኋላ ባለው ሬቲና፣ ከብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ (በጨለማ ከሚያዩት ሮዶችና በብርሃን ከሚያዩት ኮኖች) ሥር ቀለም ያዘሉ ሴሎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ሮዶችና ኮኖች ያረጀ ጫፋቸውን ይጥላሉ፤ ይህ ረድፍ የወደቀውን ይውጣል፣ ይፈጫል። አንድ ሮድ ጫፉን በሙሉ ለማደስ አሥር ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሥራው ዕድሜ ልክ ነው፤ ሠራተኞቹ ግን በአዋቂ ሰው ዓይን ውስጥ ሲያልቁ ተተኪ የላቸውም። ቆሻሻ ይጠራቀምባቸዋል። ከሥራቸውም ድሩሰን የምንለው ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። እነሱ ሲደክሙ ከላይ ያሉት ይጎዳሉ፤ ከኮኖቹ ቀድመው የሚሳሱት በማኩላ (ፊትና ፊደል በምንለይበት የሬቲና መሃል) ማዕከል ዙሪያ ያሉት ሮዶች ናቸው። ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገቡ የአንዳንድ አረጋውያን ዓይን ጨለማውን ቶሎ የማይለምደው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። እናቴ በመጨረሻ ዓመታቷ በር ላይ ቆም ትል ነበር። የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ መድከም ይባላል። የሸማኔው ግን እርጥብ የምንለው ዓይነት ነበር። ከሬቲና ሥር ደካማ የደም ሥር ይበቅላል፣ ፈሳሽ ያፈሳል፣ ሬቲናውን ያነሳዋል። ሴሎቹ ከቦታቸው ሲነሱ ቀጥ ያለው ይጎብጣል። ማርክ አምስለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ለዚሁ ብሎ ካሬ ካሬ ያለው ሰሌዳ ሠርቷል፤ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር፣ መሃሉ ላይ ነጥብ። ያ ሰሌዳ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እሳቸው ደግሞ በራሳቸው ድርና ማግ ሠርተው አምጥተውልኝ ነበር።

ባውቅስ? ያኔ ዓይን ውስጥ ተወግቶ የሚያፈሰውን የደም ሥር የሚገታው መርፌ የለም፤ አንዱ፣ ራኒቢዙማብ፣ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2006 ነው። የነበረው ሌዘር ነው፤ እሱም ራሱ ጠባሳ ይተዋል። ይህን ለራሴ ስንት ዓመት ነገርኩት። እውነት ነው። ግን አልረዳኝም።

ከዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። «ድምፅህ አለ፣ ጆሮህም ይታየኛል፣ ፊትህ ግን የለም» አሉኝ። ያን ቀን ጠብታ አደረግኩ። ሁለቱም ዓይን መሃሉ ላይ ጠባሳ ሠርቷል። ወንበሬን ስቤ አስረዳኋቸው። ስለ መድኃኒት አልጠየቁኝም።

«እንግዲያ ጥለቱ ቀጥ ያለ ነበር?»

«አዎ አባባ፣ ቀጥ ያለ ነበር።»

አራት ነጠላ ፈትተው እንደገና ሠርተዋል። ሥራ የምትሰጣቸው ነጋዴም እጅዎ ደክሟል ብላ ሥራውን ለሌላ ሰጥታለች።

ስለ ሲጋራ ጉዳት አላወራም፤ ታውቁታላችሁ። እኔም አውቅ ነበር፣ ግን አሥራ ስምንት ዓመት አጨስኩ። ዛሬ ድሩሰን የራሴም ዓይን ላይ አለ። ቲክቶክ ላይ «የዓይን ቫይታሚን» ለምትገዙ ግን አንድ ነገር ልበል። በጥናት የታየው እንክብል የሚረዳው በሽታው መካከለኛ ደረጃ ለደረሰበት ሰው ነው፤ ለሃያ ዓመት ወጣት ጤነኛ ዓይን ምንም አያደርግለትም። ቤታ ካሮቲን ያለበት ደግሞ ለሚያጨስ ሰው የሳንባ ካንሰር ስጋት ይጨምራል። ጎመን ብሉ፣ ይረክሳል።

የዘንድሮ ወጣት ሐኪሞችም ታስገርሙኛላችሁ። በሽተኛው በር ላይ ቆሞ እናንተ ኦሲቲ የተባለው ማሽን ያነሳውን የሬቲና ንብርብር ሥዕል ታያላችሁ። ሰው ሳያዩ ሕክምና ምንድን ነው? ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ማሽን ያኔ ቢኖረኝ ነጠላው ሳይዘረጋ ፈሳሹን አገኘው ነበር።

ለጎረቤቴ ልጅ ያልኳት ይህንን ነው። አያትሽ አንዱን ዓይናቸውን ሸፍነው የበሩን መቃን ይዩ፤ ከዚያ ሌላውን። ከጎበጠባቸው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ አሁን መርፌ አለ፣ ሳምንትም ዋጋ አለው። ባይጎብጥባቸውም ብሌናቸው ተከፍቶ ይታይ። ጠብታው ለጥቂት ሰዓት ዓይን ስለሚያደበዝዝ ብቻቸውን ታክሲ አይያዙ። ዳዊታቸውንም ይዘው ይሂዱ፣ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉት።