ለደንገጎ ክረምት የበረዶ ጎማ ይሻላል ወይስ ሁለተኛ መኪና?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሲሆን በሥራዬ ምክንያት በየሳምንቱ ወደ ሐረር እመላለሳለሁ። የምነዳው የፊት ጎማዎቹ የሚጎትቱት ቶዮታ ኮሮላ ነው። ባለፈው ክረምት በዝናብ በመንገዱ ላይ ካለው ከደንገጎ ተራራ ስወርድ ጥምዝ ላይ ፍሬን ብይዝ መኪናዋ ተንሸራታ ከመስመሯ ወጣች። ጉዳት ባይደርስም ከዚያ ወዲህ ደመና ባየሁ ቁጥር ሐሳብ ይገባኛል። ሞንትሪያል የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በበረዶ ወራት የሚነዳው ሁለተኛ መኪና፣ ያውም ፎር ዊል፣ ሊገዛ አስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳቡን ትቶ ለትንሿ መኪናው የበረዶ ጎማ ገጠመላትና ችግሩ እንደተቃለለለት አጫውቶኛል። እኔም ከውጭ የመጡ፣ ያገለገሉ ቢሆኑም ጥርሳቸው ገና ጥልቅ የሆነ አራት የበረዶ ጎማዎች ከአንድ ነጋዴ ዘንድ በደህና ዋጋ አግኝቻለሁ። በሌላ በኩል ጎረቤቴ ያረጀ ላንድክሩዘሩን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ እሱን ለክረምት፣ ኮሮላዋን ለበጋ ላደርግ አስቤያለሁ። ጎማውን ልግዛ ወይስ መኪናውን?
አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ሁለቱንም ባይገዙ እንመክራለን። ወንድምዎ የወሰኑት ውሳኔ ትክክል ነው፤ ትክክል የሆነው ግን ለሞንትሪያል ነው። ምክንያቱን ከእሳቸው አገር ብንጀምር የእርስዎን ጉዳይ ለመረዳት ይቀላል።

የማንኛውም ጎማ ላስቲክ ብርድ ሲያገኘው ይጠነክራል፤ የጠነከረ ላስቲክ ደግሞ መንገድ አይቆነጥጥም። የተለመደው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይህ ችግር እየበረታበት ስለሚሄድ፣ የበረዶ ጎማ የሚሠራው በከባድ ብርድ ውስጥ እንኳ ለስላሳ ሆኖ ከሚቆይ የላስቲክ ቅይጥ ነው። በጥርሶቹ ላይም በምላጭ የተሰነጠቁ የሚመስሉ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ስላሉት በረዶውን ነክሶ ይይዛል። ለከባድ በረዶ ተፈትኖ ያለፈ መሆኑ የሚታወቀው በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ሲኖረው ነው። ኤም እና ኤስ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ብቻ ያሉበት ጎማ የጥርሱ ቅርጽ ለጭቃና ለበረዶ እንዲያመች ሆኖ ተሠራ ማለት እንጂ ያንን ፈተና አለፈ ማለት አይደለም። ሞንትሪያል በምትገኝበት በኩቤክ ግዛት ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ድረስ የበረዶ ጎማ መግጠም በሕግ ግዴታ ስለሆነ፣ ወንድምዎ ሁለተኛ መኪና ቢገዙም ኖሮ ለእሱም ጎማውን መግዛታቸው አይቀርም ነበር።

ፎር ዊልን በተመለከተ በእኛም አገር በስፋት የሚታየው ስሕተት ፎር ዊል የሆነ መኪና ቶሎ ይቆማል ብሎ ማሰብ ነው። አራቱም ጎማዎች የሞተሩን ጉልበት ሲካፈሉ መኪናው ከቆመበት በቀላሉ ይነሣል፤ ዳገትም ይወጣል። ፍሬን ግን በማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማዎች ላይ ስላለ፣ በማቆም ረገድ ፎር ዊሉ ከኮሮላዋ የሚበልጥበት ነገር የለም፤ መኪናን የሚያቆመው መሬት የነካው ላስቲክ ነው። እንደ ሞንትሪያል ባለ ከተማ ሁለተኛ መኪና መያዝ ትርጉም የሚኖረው በሌላ ምክንያት ነው። እዚያ በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ የመኪናን ሆድ ስለሚበላ ጥሩ መኪናቸውን ከዝገት ለማዳን ለበረዶ ወራት አሮጌ መኪና የሚይዙ ሰዎች አሉ። የሁለት ዙር ጎማ ወጪም ከሩቅ እንደሚታየው አይከብድም፤ አንደኛው ዙር ሲሠራ ሌላኛው ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

አሁን ወደ እኛው መንገድ እንመለስ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው መንገዱ ደንገጎን ሲወጣ ከሐረርም ከፍታ በላይ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ከፍታ ላይ በክረምት ዝናብ መሐል እንኳ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች አይወርድም። በሐረማያ አካባቢ የሌሊቱ ብርድ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ ደረቅ ነው። አልፎ አልፎ ከዝናቡ ጋር የሚወርደው በረዶም ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ስለዚህ ያ ለስላሳ ላስቲክ የተሠራለትን ብርድ በዚህ አያገኘውም፤ የሚያገኘው የድሬዳዋን የቀትር አስፋልት ነው። እዚያ ላይ ከልክ በላይ እየለሰለሰ ጥርሱ በፍጥነት ይበላል፤ በመሪ ላይ መኪናዋ የመዋለል ስሜት ይኖራታል፤ በሞቀ አስፋልት ላይ ደግሞ ደረቅም ይሁን እርጥብ ለመቆም ከተለመደው ጎማ የበለጠ ርቀት ይፈልጋል። እርስዎ ጎማ የሚለውጡት ቶሎ ለመቆም ሆኖ ሳለ ገንዘብዎን ቶሎ በማይቆም ጎማ ላይ ማዋል ይሆንብዎታል።

ጥርሱ ጥልቅ ነው መባሉም አያዘናጋዎ። ነጋዴውን ጎማውን እንዲያዞርልዎ ይጠይቁና በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ የተጻፈውን ረጅም ቁጥር እስከ መጨረሻው ይከተሉት፤ በአንድ ወገን ካላገኙት በሌላው ጎን ይኖራል። የመጨረሻዎቹ አራት አሐዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2314 ቢል በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማ መንገድ ባይነካም ያረጃል፤ ሙቀትና ፀሐይ ደግሞ እርጅናውን ያፋጥኑታል። ስድስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በባለሙያ መታየት ይኖርበታል፤ አሥር ዓመት የሞላው ግን አዲስ ቢመስልም አይገጠምም። ከፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ጎማ ጥርሱ መካከል ጣትዎን አስገብተው ሲከፍቱት የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ካሳየዎ ዋጋውን መጠየቅም አያስፈልግዎትም።

ባለፈው ክረምት መኪናዋ ለምን ተንሸራተተች? አሁን የተገጠሙት ጎማዎች ምን ያህል እንዳለቁ በደብዳቤዎ አልጠቀሱም፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። በጎማው ዙሪያ ባሉት ዋና ዋና ቦዮች ውስጥ ከቦዩ ወለል ጥቂት ከፍ ያሉ የላስቲክ ድልድዮች አሉ። የጎማው ጥርስ እያለቀ ሄዶ ከእነዚህ ድልድዮች ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል፤ ጎሚስታዎቻችን ሊሾ ወደሚሉት ደረጃ ደርሷል። አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ይኖረዋል። የቦዮቹ ሥራ ውሃውን ከሥር እየጠረጉ ማውጣት ስለሆነ፣ ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ በደረቅ መንገድ ምንም የማይታወቅ ጎማ በዝናብ ውሃው ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም።

ሌላው ምክንያት አነዳዱ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስንል ቅር እንዳይሰኙ። ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ በአስፋልቱ ላይ የከረመውን አቧራና የከባድ መኪና ዘይት ለውሶ መንገዱን እጅግ ያንሸራትተዋል። ጥምዝ ውስጥ ከገቡ በኋላ ፍሬን መያዝ ደግሞ ጎማው መዞርንና መቆምን በአንድ ጊዜ እንዲችል መጠየቅ ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ጥምዙ ሳይደርስ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ቁልቁለቱንም ከላይ ጀምረው በከባድ ማርሽ ቢወርዱ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝልዎ ፍሬኑ አይግልም። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚፈተለኩት መኪኖች ከኋላ ጥሩንባ ቢያስጮኹብዎ ዳር ይዘው ያሳልፏቸው፤ እነሱ የሚሽቀዳደሙት ከገበያ ሰዓት ጋር ስለሆነ ከእርስዎ ጋር የሚያከራክራቸው ነገር የለም።

ስለዚህ ለኮሮላዋ አራት አዲስ፣ አንድ ዓይነት፣ ለዝናብና ለሙቀት የሚስማሙ መደበኛ ጎማዎች ይግዙላት። ልኩ በሾፌሩ በር ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ በእርጥብ መንገድ የመያዝና ሙቀትን የመቋቋም ደረጃ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ በመጀመሪያው ደብል ኤ ወይም ኤ፣ በሁለተኛው ኤ ያለውን ይምረጡ። አቅምዎ ለጊዜው ሁለት ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይገጠሙ። ጎሚስታው የሚጎትቱት የፊቶቹ ስለሆኑ አዲሱ ለፊት ነው ብሎ ሊከራከርዎ ይችላል፤ ነገር ግን በዝናብ ኋላው የከዳው መኪና ዞሮ ስለሚወረወር ፊቱ ከከዳው ይልቅ ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፋሱን ጧት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ያስለኩ። ከሐረር እንደደረሱ በጋለ ጎማ ላይ ተለክቶ በዛ ተብሎ የተቀነሰ ነፋስ በማግስቱ አንሶ ይገኛል።

ላንድክሩዘሩን በተመለከተ ጎረቤትዎን ማስቀየም ባንፈልግም፣ ሁለተኛ መኪና ማለት ሁለተኛ ቦሎ፣ ሁለተኛ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ሁለተኛ ባትሪና ከኮሮላዋ በእጅጉ የሚወደዱ አራት ትልልቅ ጎማዎች ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው የሚዞረው ቀድሞ በገቡት መኪኖች ላይ ስለሆነ አሮጌውም ርካሽ አይደለም። ክብደቱና ቁመቱም በደንገጎ ጥምዞች ላይ ጥቅም የለውም፤ ከፍ ያለና ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ለማቆም የበለጠ ያስቸግራል፤ ሲጠመዘዝም ወደ ጎን ያዘነብላል። በዱላ የሚገባ ፎር ዊል ከሆነ ደግሞ በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተው ቢነዱት የፊቱና የኋላው ጎማ በጥምዝ ላይ እኩል ስለማይዞሩ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ለወራት ቆሞ ሲከርምም ባትሪው ይሞታል፤ ጎማውም ያረጃል።

ሐሳባችንን የሚያስለውጠው አንድ ነገር ቢኖር ሥራዎ ከአስፋልት የሚያስወጣዎ መሆኑ ነው። ወደ ግራዋ ወይም ወደ ሌላ የሐረርጌ ገጠር በጭቃ መንገድ የሚገቡ ከሆነ የትኛውም ጎማ ኮሮላን ከመሬት ከፍ አያደርጋትም። እንደዚያ ከሆነ ፎር ዊሉን ገዝተው ኮሮላዋን መሸጥ ሁለት መኪና ከመያዝ የተሻለ ነው። ጉሙ ደንገጎን ሸፍኖ ፊት ለፊት አላሳይ ባለበት ቀን ግን በየትኛውም መኪና ባይሞክሩት ይሻላል። ጉዳዩ ሊቆይ የሚችል ከሆነ ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ሐረር እኖራለሁ። ለክረምት ብለን ሁለተኛ መኪና፣ ከፍ ያለ ፎር ዊል፣ ከገዛን ቆይተናል። ባለቤቴ ድሬዳዋ ስንወርድ የደቻቱ ወንዝ ትንሽ ውሃ ቢኖረውም ይህ መኪና ያሻግረናል ይላል። እስከ ምን ያህል ጥልቀት ይቻላል?
ወ/ሮ ጽ.፣ ከሐረር

መልስ፦ ለሚፈስ ውሃ የምንሰጥዎ የጥልቀት ልክ የለም። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹን ከፍ ያሉ መኪኖች ጭምር ያነሣል፤ የፎር ዊሉ ጉልበት ጎማው መሬት ከለቀቀ በኋላ አይጠቅምም። ደቻቱ ደግሞ ከሌሎች ወንዞች የሚለየው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ በመሆኑ ሰውን ማዘናጋቱ ነው። በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በከዚራና በመጋላ፣ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በድንገት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ ውሃ ካዩ በድልድይ ይሻገሩ፤ ድልድዩም ከተዘጋ ይጠብቁ።

ጎዳና ላይ የተኛ ጥልቀት የሌለው ውሃ ከሆነ ግን በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳይለቁ፣ ቀስ ብለው ይለፉ፤ ከወጡም በኋላ ፍሬኑ እንዲደርቅ እየነዱ ጥቂት ጊዜ በቀስታ ይርገጡት። ሞተሩ ውሃው መሐል ከጠፋ መልሰው ለማስነሣት አይሞክሩ። ውሃ ስቦ ከሆነ በሞተሩ ውስጥ ፒስተኑን የሚይዘውን ቢየላ ያጎብጠዋል፤ በገመድ አስጎትተው ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።