«ቬሪ ሪኮሜንድ» ለምን አይባልም?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። እንግሊዝኛ ማንበቡ አይቸግራችሁም። ሰው ማመስገን ወይም ሐሳብ መደገፍ ሲመጣ ግን የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይጠፋባችኋል። የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነኝ፣ መምህርት። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለምትጠይቅ ተማሪዬ የድጋፍ ደብዳቤ ስጽፍ «አይ ቬሪ ሪኮሜንድ ሄር» አልኩ። የሥራ ባልደረባዬ «ቬሪን አውጪው» አለኝ። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። የእኛ «በጣም» ከሁሉም ጋር ይስማማል። «በጣም ጥሩ ነው» እንላለን፤ «በጣም ወደድኩት» እንላለን። «ቬሪ» ግን እንደ «ጉድ» ያለ ቅጽል ፊት ይቆማል እንጂ ግሥ ፊት አይቆምም። ግሡ የራሱን አጃቢ ይመርጣል። ለ«ሪኮሜንድ» አጃቢው «ሃይሊ» ወይም «ስትሮንግሊ» ነው። ለእርስዎ ደብዳቤ «ሃይሊ»ን እመርጣለሁ። ሰው፣ ምግብ ቤት ወይም ዕቃ ሲመሰገን ቶሎ የሚመጣው እሱ ነው። «ስትሮንግሊ» የማሳሰቢያ ቃና አለው። ሐኪም «ሲጋራ እንድታቆም አጥብቄ እመክርሃለሁ» ሲል የሚያምርበት እሱ ነው።

ታዲያ «ሃይሊ»ንም በየቦታው ይዘውት አይሂዱ። «ሃይሊ አግሪ» አይባልም፤ «ኮምፕሊትሊ አግሪ» ነው። ድጋፍ ከሆነ «ፉሊ ሰፖርት»፣ ምስጋና ከሆነ «ዲፕሊ አፕሪሺዬት»። «ይገባታል፣ ሲያንሳት ነው» ለማለት ደግሞ «ሪችሊ ዲዘርቭስ» ይላሉ። ሀብትን የሚያስታውስ ቃል እዚህ ምን አገባው? የሰዋስው ሕግ አይነግረንም። ተናጋሪዎቹ ለረጅም ዘመን አብረው ስላዋሏቸው ተላመዱ። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ሩፐርት ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ጽፎታል፤ ቃል በባልንጀራው ይታወቃል የሚል ሐሳብ ነው። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ደብተራቸው ላይ «ሪኮሜንድ» ብቻ አይጻፉ። «ሃይሊ ሪኮሜንድ» ብለው ጥንዱን አብረው ይያዙ። ቃላት ነጥለን የሸመደድንበት ዘመን ብዙ ጎድቶናል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ጋዜጠኝነት እማራለሁ። «ደማቅ አቀባበል ተደረገላቸው» የሚለውን «ብራይት ዌልካም» ብዬ ተርጉሜ ነጥብ ተቀነሰብኝ።

መልስ፦ አይዞህ። የአንተ ጥያቄ የእኛንም ጥንዶች ስለሚያሳይ ደስ ብሎኛል። አማርኛ አቀባበልን በድምቀት ይለካል፤ እንግሊዝኛ በሙቀት። «ዎርም ዌልካም» ነው የሚሉት። እኛም «ሞቅ ያለ አቀባበል» ስለምንል ሩቅ አይሆንብህም። ግን ተጠንቀቅ። «ዎርም ዌልካም» የልብ ሙቀት ነው፤ አንዲት እናት በሯ ላይ ብቻዋን ቆማ ልትሰጠው ትችላለች። አትሌቶቻችን ከኦሊምፒክ ወርቅ ይዘው ሲመለሱ፣ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ እልልታው ሲቀልጥ፣ ያ «ሂሮስ ዌልካም» ነው። ድምቀቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ጭብጨባም ደረጃ አለው። ተቀምጠው ካጨበጨቡ «ራውንድ ኦፍ አፕሎዝ»፣ ከመቀመጫቸው ከተነሱ «ስታንዲንግ ኦቬሽን» በል። «በአንድ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን «ዩናኒመስሊ አፕሩቭድ» ብለህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። አባቴ የመረጥኩትን ሥራ እንዳልወደደው ለመናገር «ማይ ፋዘር ዲድ ኖት አፕሩቭ ማይ ጆብ» አልኩ። የሥራ ጓደኛዬ አባቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መሰለው።

መልስ፦ የጎደለችሽ «ኦፍ» ናት። «አፕሩቭ» ብቻውን ሲሆን ማጽደቅ ነው፤ አለቃ የዓመት ፈቃድ ላይ ሲፈርም። «አፕሩቭ ኦፍ» ግን የልብ ይሁንታ ነው፤ ፊርማ የለውም። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ድርጅት ጋለፕ ለረጅም ዓመታት አሜሪካውያንን ፕሬዚዳንቱ ሥራውን እየሠራ ስላለበት መንገድ ይጠይቅ የነበረውም በዚሁ በ«ኦፍ» ነው። በዜና የምትሰሚው «አፕሩቫል ሬቲንግ» እንዲህ ካለ ጥያቄ የሚወጣው ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምሠራው። አለቃዬ ሪፖርቴን አይታ «ኳይት ጉድ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ለጓደኞቼ ስነግር ዝም አሉኝ።

መልስ፦ አሜሪካ ቢሆን ደስታህ በቦታው ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ግን «ኳይት ጉድ» ብዙ ጊዜ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ማለት ነው። ድምፅዋም ይወስነዋል። ከልቧ ብትወደው «ቬሪ ጉድ ኢንዲድ» ማለቷ አይቀርም። ምን እንደጎደለ በቀጥታ ጠይቃት፤ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ የምክር ቤት ውሳኔን ለማድነቅ «ራበር ስታምፕ» ማለት ይቻላል? ማኅተም መስሎኝ ነው።

መልስ፦ አይቻልም። ማኅተምነቱ እውነት ነው፣ ግን ሳያነቡ፣ ሳይጠይቁ የሚመቱት ማኅተም ነው። የምክር ቤቱን አባላት ትሰድባቸዋለህ። የምስጋናው ማኅተም «ሲል ኦፍ አፕሩቫል» ነው፤ መርምሮ ያመነበት ሰው የሚሰጠው።