ከፒያሳ ሚዛን እስከ አርጎን፦ ስለ ጉልህ አሃዝ የጠየቃችሁኝ

አራት ኪሎ ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪዎችን ልኬት ሳለማምድ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ልኬት ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካልኩሌተሩ የሰጠኝን ስምንት አሃዝ በሙሉ ስጽፍ መምህራችን ነጥብ ይቀንሱብኛል። ብዙ አሃዝ ከጻፍኩ የበለጠ ትክክል አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም ልጄ። ካልኩሌተሩ ምንም አልለካም፤ የለካሽው አንቺ ነሽ። ጉልህ አሃዝ የሚባሉት ከመሣሪያው ላይ በርግጠኝነት ያነበብሻቸውና በመጨረሻ በዓይንሽ የገመትሽው አንዱ ናቸው። ከዚያ ያለፈው ያልለካሽውን ለካሁ ማለት ነው። መምህርሽ ልክ ናቸው።

ጥያቄ፦ የእናቴ ቀለበት ፒያሳ ወርቅ ቤት ሲመዘን 4.82 ግራም ሆነ። ትምህርት ቤት በመለኪያ ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ስከተው ውሃው በ0.3 ሚሊሊትር ከፍ አለ። ሳካፍለው 16.066667 መጣ። የንጹሕ ወርቅ እፍጋት (ግራሙ ለሚሊሊትሩ ሲካፈል) 19.3 ነው፤ ታዲያ እናቴ ተታልላለች?

መልስ፦ ለእናትህ ምንም ከመንገርህ በፊት ታገሥ። ሚዛኑ ሦስት ጉልህ አሃዝ ሰጥቶሃል፣ ሲሊንደሩ ግን አንድ ብቻ። 0.3 ያልከው ከ0.25 እስከ 0.35 የትኛውም ሊሆን ይችላል። 4.82ን ለ0.25 ስታካፍል 19.3፣ ለ0.35 ስታካፍል 13.8 ነው፤ አንዱ ንጹሕ ወርቅ፣ ሌላው ብዙ ብርና መዳብ የገባበት። ልኬትህ የሚፈቅድልህ አንድ ጉልህ አሃዝ ስለሆነ «ሃያ ገደማ» ማለትን ብቻ ነው። በአንዲት አሃዝ የሰው ስም አይጠፋም።

የተሻለ መንገድ አለ። ውሃ የያዘ ብርጭቆ እስከ መቶኛ ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ሚዛኑን ዜሮ አድርገው። ቀለበቱን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ፣ ታችና ጎን ሳይነካ አጥልቀው። በግራም የሚታየው ጭማሪ የቀለበቱ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ የአርኪሜዲስ ሕግ ነው፦ ጭማሪው ቀለበቱ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። 0.28 ካነበብክ መልሱ በሁለት ጉልህ አሃዝ 17 ይሆናል፤ ከ21 ካራት የሚጠበቀውም እዚያው አካባቢ ነው። ቀለበቱ ላይ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ ግን አደራ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛና አራተኛ አሃዝ ለሳይንስ ምን አመጣ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሌይ ከአየር የለየው ናይትሮጅን በሊትር 1.2572 ግራም፣ ከኬሚካል ውህዶች ያገኘው 1.2505 ግራም መዘነ። ሁለቱንም ወደ ሁለት አሃዝ አጠጋጓቸው፤ 1.3 እና 1.3፣ ምንም ልዩነት የለም! ሬይሌይ ግን ሚዛኑን ስለሚያምነው ልዩነቱን አላለፈውም። በ1894 እ.ኤ.አ. ከኬሚስቱ ዊልያም ራምዜ ጋር ልዩነቱን ያመጣውን አርጎንን ይፋ አደረጉ፤ ከምንተነፍሰው አየር 1 በመቶ ገደማ የሚሆን፣ እስከዚያ ማንም ያላወቀው ጋዝ። በ1904 ሬይሌይ በፊዚክስ፣ ራምዜ በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ጥያቄ፦ ራስ ዳሸን በቆየ መጽሐፍ 4,620፣ በአዲሱ 4,550 ሜትር ነው። ተራራው አነሰ?

መልስ፦ ተራራው እዚያው ነው፤ የተሻሻለው ልኬቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ዜሮ የተለካ ይሁን የተጠጋጋ ደግሞ ከቁጥሩ ብቻ አይለይም። እስከ ሜትሩ የለካ ሰው 4.550 × 10³ ብሎ ይጻፈው።

ጥያቄ፦ የሱቄ ሚዛን አንዱን ዕቃ አሥር ጊዜ ብመዝነው አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጠኛል። ታዲያ ልክ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መደጋገሙ ሚዛኑ እንደማይዋዥቅ ብቻ ያሳያል። ሁሌም 20 ግራም አሳንሶ ወይም አብዝቶ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ የተረጋገጠ መመዘኛ ድንጋይ ጫኚበትና እዪው።