ስለ ቁርጥማት መድኃኒትና ስለ ልጅ ለጠየቀው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልህ፦ መድኃኒቱን በራስህ ፈቃድ አታቁም።

ጥያቄህን ላላነበቡት ላሳጥረው። ሐዋሳ ነህ። የጀርባ አጥንትና የጉልበት ብግነት (ቁርጥማት) አለብህ፤ ለዚህም ሰልፋሳላዚን የሚባል ኪኒን ትወስዳለህ። ከተጋባችሁ ዓመት አልፏል፤ ባለቤትህ ግን አላረገዘችም። አንድ ዘመድህ «የሚያመክንህ ኪኒኑ ነው፤ ሁሉንም ጣለው» ብሎሃል። እናትህ ደግሞ ምርመራው ከባለቤትህ ይጀመር ይላሉ። እኔም እዚሁ ከተማ ያንኑ ሕመም ይዤ፣ ያንኑ ኪኒን ስውጥ ኖሬ አባት የሆንሁ ሰው ነኝ።

ዘመድህ ጨርሶ አልተሳሳተም። ሰልፋሳላዚን የወንድን የዘር ሕዋሳት ቁጥርና እንቅስቃሴ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ሐኪሞች ካወቁት ቆይተዋል። ነገር ግን ለዘለቄታው መካን አያደርግም፤ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሰውነት አዲስ የዘር ሕዋስ ሠርቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ዛሬ አቁሞ በሳምንቱ ለውጥ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይታመማል። ይህን ኪኒን እየወሰዱ የወለዱ ወንዶችም ብዙ ናቸው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የቁርጥማት ሐኪሞች ማኅበር) በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ልጅ የሚፈልጉ ወንዶች ሰልፋሳላዚንን ሊቀጥሉ እንደሚችሉ፣ እርግዝናው ከዘገየ ግን የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዲደረግ የሚመክረው ለዚህ ነው። አንተ አሁን ያለኸው «ከዘገየ» ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው አንተ ነህ። እናትህን አክብረህ፣ ግን በግልጽ ንገራቸው። የእኛም ዘመዶች ጸበሉንም ሐኪሙንም ለባለቤቴ ብቻ አዘጋጅተው ነበር፤ እኔ ሸንጎው ላይ ዳኛ ሆኜ እንድቀመጥ ነበር የታሰበው። የወንድ ምርመራ መርፌ የለውም፣ ማደንዘዣ የለውም፤ ሴቲቱ ከምታልፍባቸው ምርመራዎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሰባት ቀን ከግንኙነት ትቆጠባለህ። ፈሳሹን ላቦራቶሪው በሚሰጥህ ንጹሕ ዕቃ ትቀበላለህ፤ በተለመደው ኮንዶም አይሆንም፤ የተቀባው ነገር ውጤቱን ያበላሻል። የመጀመሪያው ጠብታ እንኳ ከፈሰሰ ተናገር፤ ብዙው የዘር ሕዋስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከቤት የምታመጣው ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ በመንገድም እንዳይቀዘቅዝ በደረት ኪስህ ያዘው። ሐዋሳ ውስጥ ከየትም ሰፈር ቢሆን በባጃጅ በጊዜ ይደረሳል። ከመናኸሪያ አካባቢ መጥቼ ሳለ የአንድ የግል ላቦራቶሪ ተቀባይ የምርመራውን ስም ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብላ ጠራችው። አፍሬ አልተመለስሁም፤ አንተም አትመለስ።

ውጤቱ ዝቅ ብሎ ቢመጣ አትደንግጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ እንደ ዝቅተኛ መነሻ ይዟል፤ ከዚያ በታች ያለ ሰው አይወልድም ማለት ግን አይደለም። በአንድ ውጤት ብቻ አይፈረድም፤ ምርመራው ይደገማል። የእኔ ዝቅ ያለ ነበር። ሐኪሜ ሰልፋሳላዚኑን አስቁሞ በጸረ ብግነት ኪኒን ብቻ እየተከታተለ አቆየኝ፤ ጉልበቴ ማበጥ ሲጀምር ወደ ሌላ መድኃኒት አዛወረኝ። ቀጣዩ ምርመራ ተሻሽሎ መጣ፤ ከወራት በኋላም ባለቤቴ አረገዘች። በሐኪም እጅ መድኃኒት መለወጥና በዘመድ ምክር ሁሉን መጣል እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ሕመሙ ራሱ ቀላል ጠላት አይደለም። ብግነቱ ሲነሣ የዘር ፈሳሹም ጥራት፣ የወንድ ሆርሞኑም፣ ፍላጎቱም አብረው ሊወርዱ ይችላሉ። ሌሊት ጀርባው የተቆለፈበት ሰው ልጅ ሊወልድ ቀርቶ ለመገላበጥም እርዳታ ይፈልጋል። ወንዶች የማንናገረውም ይኸው ነው፦ ስንፈተ ወሲብ በዚህ ሕመም ውስጥ የተለመደ ነው፣ ሊታከምም ይችላል። ንጋት ላይ መገጣጠሚያው ደርቆ የሚነሣ ሰው ለግንኙነት ለምን ንጋትን ይመርጣል? ኪኒኑ ሥራ በጀመረበት፣ ሙቅ ውኃ በታጠብህበት ሰዓት አድርገው። በጎን መተኛት ለጀርባ ይቀላል። ለባለቤትህም አስረዳት፤ ዝምታህን ጥላቻ አድርጋ ልታየው ትችላለች።

በአንድ ጉዳይ ላይ አጥብቄ ላስጠንቅቅህ። «ወንድነትን የሚያበረታ መርፌ» እያሉ ቴስቶስትሮን የሚያቀርቡልህ አይጠፉም። ከውጭ የሚወጋ ቴስቶስትሮን አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያቋርጥ የዘር ሕዋስ ምርትን ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ያቆመዋል። ልጅ ለሚፈልግ ሰው የተገላቢጦሽ ነው። ሲጋራ ካለህ ደግሞ ለጀርባህም ለዘርህም ስትል ተወው።

ሌሎች መድኃኒቶች የምትወስዱ አባላት በዚሁ ጥያቄ ሥር ስለጠየቃችሁ፦ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ አዛታዮፕሪን፣ ኮልቺሲን እንዲሁም እንደ አዳሊሙማብ ያሉት መርፌዎች ልጅ ለሚፈልግ ወንድ እንዲቀጥሉ ይመከራል። ሜቶትሬክሴት የሚያከራክር ነው። በማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ወንዱ ካቆመ በኋላ ሦስት ወር እንዲጠብቅ ያዛል፤ የአሜሪካው የ2020 መመሪያ ግን በወንድ በኩል የታየው ማስረጃ የሚያሰጋ ስላልሆነ መቀጠል ይቻላል ይላል። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። እህቶች ግን ይህን ለራሳችሁ እንዳትወስዱት፤ ሜቶትሬክሴት በሴቷ በኩል ለፅንስ አደገኛ ነው፤ ከማርገዝ በፊት በሐኪም ትእዛዝ ይቆማል።

ሳይክሎፎስፋማይድ ሌላ ዓለም ነው። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሕመም) ኩላሊት ሲነካ ወይም የደም ሥር ብግነት ሲበረታ የሚሰጥ ሲሆን፣ እንደ ጠቅላላ መጠኑ ለዘለቄታው ሊያመክን ይችላል። ስለዚህ ዘር በማቀዝቀዣ ስለ ማስቀመጥ የሚጠየቀው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ልጅ ለመውለድ ከመሞከር በፊትም ቢያንስ 12 ሳምንት መቆም አለበት። ታሊዶማይድ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ስለሚገባ በሚወሰድበት ጊዜና ካቆሙ በኋላ ለአራት ሳምንት ኮንዶም ግድ ነው። ልጅ መውለድን ለጊዜው ለማዘግየት የምትፈልጉ ደግሞ «ኪኒኑ ዘሬን ቀንሶታል» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሰልፋሳላዚን የወሊድ መከላከያ አይደለም።

«ልጄም ይወርሰው ይሆን?» ላልኸው፦ ከዚህ ሕመም ጋር የሚያያዘው ኤች ኤል ኤ ቢ 27 የሚባለው ዘረ መል ካለህ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይሁን እንጂ ዘረ መሉን ከያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም። ልጁ አድጎ ከሦስት ወር በላይ የቆየ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሣ የሚብስና ሲንቀሳቀስ የሚቀልለው የወገብ ሕመም ከያዘው ያኔ በጊዜ ታስመረምረዋለህ፤ በሕፃንነቱ ደሙን ማስመርመር አያስፈልግም።