መልስ፦ ቀለሙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም

ሰላም ወንድሜ። ኮዬ ፈጬ ባላለቁት ብሎኮች ውስጥ ድምፅ አልባ አስፈሪ ፊልም በስልክ ልትቀርፅ አስበህ፣ «ጥቁርና ነጭ ባደርገው ይበቃል ወይ?» ብለሃል። አይበቃም፤ ግን ብዙም አልቀረህም።

በድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን በብዛት ይቀረፅበት የነበረው የፊልም ጥቅልል ሰማያዊ ብርሃንን አጥርቶ ይይዛል፣ ቀዩን ግን አይይዝም። ስለዚህ ሰማይ ይነጣል፣ ከንፈር ይጠቁራል። ኤዲት ስታደርግ ቀዩን ቀንስ፣ ሰማያዊውን ጨምር። የእኛ ቆዳ ቡናማ ስለሆነ በጣም ይጨልማል፤ ነጠላ ደግሞ ቦግ ይላል። ተዋናይቷ ነጠላ ተከናንባ ከጨለማው ደረጃ ላይ ስትዞር ከፊቷ የሚታየው የዓይኗ ነጭ ብቻ ይሆናል። እኔ ይህን ከየትኛውም ሜካፕ አስበልጣለሁ። ፊቷ እንዲታይ ስትፈልግ ከጎን ነጭ ፎም ይዘህ ብርሃን መልስላት።

ጥላ ላይ ጊዜህን አፍስስ። እ.ኤ.አ. በ1922 በወጣው «ኖስፌራቱ» በተባለው ድምፅ አልባ አስፈሪ ፊልም ደረጃውን ሲወጣ የምናየው የቫምፓየሩን ጥላ ነው። አንተም አንድ ጠንካራ መብራት ከታች መሬት ላይ አስቀምጥና ሌላውን ሁሉ አጥፋ። ውጭ ያለውን የሌሊት ትዕይንት በቀን ቀርፀህ ሰማያዊ ቀለም ስጠው፤ ዳይሬክተሩ ሙርናውም እንዲሁ ነው ያደረገው። የጄኔሬተር ኪራይ ይተርፍሃል።

የፊልሙን ፍጥነት አትጨምር፣ ተመልካች ይስቃል። ለሙዚቃው በገና አታስገባ፣ የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆ ብቻውን ይበቃል።

ከመግባትህ በፊት ዘበኞቹን አስፈቅድ፤ መደገፊያ ያልተገጠመለትን ደረጃ ደግሞ እባክህ ተወው።