የ7 ሳምንት ልጅ አባቷን ትጠላለች?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን 7 ሳምንት ሆኗታል። ማታ ገብቼ ሳቅፋት ለቅሶው ይብስባታል፤ እናቷ ስታወራ ግን ዝም ትላለች። ዓይኔን አታይም፤ ከእኔ በላይ አሻግራ ነው የምታየው። ተኝታ ግን ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። አማቴ «የወንድ እጅ አልተስማማትም» ብለው ይቀበሉኛል። አሁን አሁን ከሥራ ስወጣ ፍቅር ሐይቅ ዳር አመሽና ልጅቷ ስትተኛ እገባለሁ። ባለቤቴ «ሸሸኸን» ትለኛለች። ለክርስትናዋ ዘመድ ሁሉ ሊመጣ ነው። የገዛ ልጄ ካልወደደችኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ አልጠላችህም። በ7 ሳምንት ዕድሜ ሰው መጥላት የሚባል ነገር የለም። ግን ደብዳቤህን ሳነብ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ልጅህን የምታገኛት ከቀኑ ሁሉ በሚከፋት ሰዓት ነው። ሰላም ሆና የምትውልባቸውን ሰዓታት ደግሞ አታውቃቸውም።

ጤነኛ ሕፃናት ከተወለዱ ከ2 ሳምንት በኋላ ለቅሷቸው እየጨመረ ይሄዳል። 6ኛው ሳምንት ገደማ ላይ በጣም ይብሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንስና በ3 ወይም በ4 ወር አብዛኞቹ ይረጋጋሉ። በብዙዎቹ ደግሞ የሚያይለው አመሻሽና ማታ ነው። ጠብተው፣ ታጥበው፣ ደርቀው ሁሉ ያለቅሳሉ። ያለ ወራቸው የተወለዱት እንኳን ለቅሷቸው የሚበረታው፣ መወለድ ከነበረባቸው ቀን ተቆጥሮ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእድገቷ እንጂ የእጅህ ጉዳይ አይደለም። አንተ በር ከፍተህ የምትገባው በዚያ ሰዓት ላይ ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ለቅሶው ቀንሶ ልታገኘው ትችላለህ።

አሻግራ ማየቷም ቢሆን ንቀት አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ነው። ጡት ላይ ሆኖ የእናቱን ፊት የሚያይበት ርቀት መሆኑ ነው። እንዳትጥላት ፈርተህ ክንድህን ዘርግተህ የምትይዛት ከሆነ ፊትህ ብዥ ይልባታል። ሌላም አለ። በመጀመሪያው ወር ሕፃናት ፊት ሲያዩ ትኩረታቸው ዳር ዳሩ ላይ ነው፤ ፀጉርና ግንባር የሚገናኙበት ቦታ በጣም ይስባቸዋል። ወደ ዓይን መመልከት የሚበረታው 2 ወር ገደማ ላይ ነው። «አሻግራ ታያለች» ያልከው ፀጉርህን እያየች ሊሆን ይችላል።

እናቷ ስታወራ ዝም ማለቷም የሚገርም ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 1980 ዓ.ም. አንቶኒ ዲካስፐርና ዊልያም ፋይፈር የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች 3 ቀን ላልሞላቸው ሕፃናት የሚጠባ ነገር ሰጧቸው። በአንድ ዓይነት አጠባብ የእናታቸው ድምፅ ይሰማል፤ በሌላው የሌላ ሴት። ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት አጠባባቸውን ለወጡ! ከ4 ዓመት በኋላ ዲካስፐር በአባቶች ድምፅ ሞከረ። ሕፃናቱ የሁለት ወንዶችን ድምፅ መለየት ይችላሉ፤ የአባታቸውን ግን አላስበለጡም። ምክንያቱ ፍቅር ማነስ አይደለም። የእናት ድምፅ በራሷ ሰውነት ውስጥ አልፎ ለወራት ሲደርሳቸው ቆይቷል። አንተ ገና እየጀመርክ ነው። ሕጉም ብዙ ጊዜ አልሰጠህም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲፈቅድ ለአባት የፈቀደው 3 ተከታታይ ቀን ነው። እኔ ይህ በጣም ያንሳል እላለሁ።

በእንቅልፏ የምታሳየው ፈገግታ ለማንም አይደለም፤ አእምሮዋ ራሱ የሚያመጣው ነው። ሰው አይታ ፈገግ የምትለው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ማለት አሁን! አንተ ደግሞ በዚሁ ጊዜ ሐይቅ ዳር ነህ። እባክህ ይህን አታሳልፈው።

ስለዚህ ሰዓቱን ቀይር። ጠዋት ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ ጠብታ ስትነቃቃ ተቀበላት። አንገቷን ደግፈህ ፊትህን ቅረብላት። ቀስ ብለህ አውራት፤ ዝም ብለህም ጠብቃት፣ መልስ ለመስጠት ጊዜ ይፈጅባታል። ቅዳሜና እሁድ ገላዋን እጠብ። አማትህ ክፉ አስበው የተናገሩ አይመስለኝም፤ ግን ይህ አባባል ስንቱን አባት ከአራስ ቤት አስወጥቷል። አትከራከራቸው። «እማማ፣ እንዴት እንደምታጥቧት ያሳዩኝ» በላቸው።

ማታም ቤትህ ግባ። ስታለቅስ ቁጭ ብለህ አትያዛት፤ ደረትህ ላይ አድርገህ እሹሩሩ እያልክ ተራመድ። በፈረንጆቹ 2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ታቅፈው ሲራመዱባቸው የሕፃናት የልብ ምት ይቀንሳል፣ ለቅሷቸውም ይበርዳል፤ ታቅፈው ሲቀመጡባቸው ግን እንደዚያ አይሆንም። አንዳንድ ማታ ይህም አይሠራም። ያኔ ባለቤትህ ትረፍ፣ አንተ ያዛት። ንዴት ከመጣብህ በጀርባዋ አስተኝተሃት ትንሽ ራቅ በል። በምንም ሁኔታ እንዳትነቀንቃት፤ አእምሮዋን ይጎዳል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ከፈዘዘች ወይም አረንጓዴ ነገር ካስመለሳት ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ውሰዳት።

ለባለቤትህ ደግሞ ዛሬውኑ እውነቱን ንገራት። «ልጅቷ የጠላችኝ መስሎኝ ነው የሸሸሁት» በላት። አሁን እሷ የምታውቀው ትቻቸው መሄድህን ብቻ ነው። እሷንም ጠይቃት፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ስሜቷ እንዴት እንደሆነ። ከ2 ሳምንት በላይ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ከልጇ የመራቅ ስሜት ካለባት የወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። አብረሃት ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። አባቶችንም ይይዛል፤ ስለ ራስህም እዚያው ተናገር።